ድረ ገጹ ለምን ይዘገያል? ስለ ፋይል ክብደትና ስለ ካሽ

ለመሆኑ አንድ ድረ ገጽ ስንከፍት ከሰርቨሩ ወደ ኮምፒዩተራችን የሚመጣው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ጽሑፍና ሥዕል ብቻ ይመስለናል። የቀድሞዎቹ ገጾች በአብዛኛው እንደዚያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2004 ጂሜይል፣ በ2005 ደግሞ ጉግል ማፕስ ከወጡ ወዲህ ግን በድረ ገጽ ውስጥ ሙሉ ፕሮግራም ማሠራት እየተለመደ ሄደ። እንዲህ ያለውን ገጽ ስንከፍት አስቀድሞ ፕሮግራሙ ራሱ፣ ይኸውም የጃቫስክሪፕቱ ፋይል፣ መውረድ አለበት። እስኪወርድ ድረስ ብዙ ጊዜ ባዶ ስክሪን ላይ ማፍጠጥ ነው።

ታዲያ ይህ ነገር መምህርን ይመለከታል ወይ? በሒሳብ እንየው። 40 ተማሪዎች 2 ሜጋባይት የሚመዝን የመልመጃ ፕሮግራም በየኮምፒዩተራቸው ቢከፍቱ ጠቅላላው 80 ሜጋባይት ይሆናል። 1 ባይት 8 ቢት ስለሆነ ይህ 640 ሜጋቢት ነው። የጋራው መስመር በሰከንድ 1 ሜጋቢት ብቻ የሚያስተላልፍ ከሆነ 640 ሰከንድ፣ ማለትም 10 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። ከ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ከሩብ በላይ የሚሆነው ምንም ሳንማር አለቀ ማለት ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው ክብደቱን መቀነስ ነው። ጃቫስክሪፕት ጽሑፍ በመሆኑ ጂዚፕ በሚባለው ዘዴ ሲታመቅ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በታች ይሆናል። የጄፔግ ፎቶግራፍ ግን ቀድሞውኑ የታመቀ ስለሆነ እንደገና ማመቁ እምብዛም አይረዳም፤ የፎቶግራፉን ስፋት ማሳነስ ይሻላል።

ሁለተኛው ካሽ ነው። ካሽ ማለት ብራውዘሩ የወረዱትን ፋይሎች ለሌላ ጊዜ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። በመምህር ሥራ እንመስለው። አንድ መምህር ለሳምንት የሚያስፈልገውን ካርታ በየቀኑ ከዕቃ ግምጃ ቤት ተሸክሞ ቢመላለስ ድካም ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ ሰቅሎ ቢተወው ግን ይገላገላል። ሆኖም አዲስ ካርታ ቢታተም በምን ያውቃል? እዚህ ላይ ሦስት መንገዶች አሉ፦

ሀ) ቀን መቁረጥ። ሰርቨሩ «ይህን ፋይል ለዚህን ያህል ሰከንድ ሳትጠይቀኝ ተጠቀምበት» ይላል። ለአንድ ዓመት ከሆነ 31,536,000 ሰከንድ ነው። ጉዳቱ ፋይሉ በመካከል ቢታረም አሮጌው ሲሠራ መቆየቱ ነው።

ለ) መጠየቅ። ብራውዘሩ «ተለውጧል?» ብሎ ይልካል። ካልተለወጠ ሰርቨሩ 304 የሚል አጭር መልስ ብቻ ይሰጣል፤ ፋይሉ አይላክም። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዱ ፋይል መመላለሱ በዘገምተኛ መስመር ላይ ጊዜ ይበላል።

ሐ) ስም መለወጥ። ከፋይሉ ይዘት በስሌት የተገኘ ቁጥር የፋይሉ ስም ይሆናል። ይዘቱ ሲለወጥ ስሙም ይለወጣል።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ጉግል ዌብ ቱልኪት እነዚህን አጣምሮ ሠራባቸው። አንዲት ትንሽ ፋይል በየጊዜው ትጠየቃለች፤ እሷም ዋናው ፕሮግራም በየትኛው ስም እንዳለ ትጠቁማለች። ትልቁ ፋይል ግን ለዓመት ቢቀመጥ ምንም ስጋት የለውም። ከዚህም በላይ ለየብራውዘሩ የተለየ ፋይል ስለሚያዘጋጅ ተጠቃሚው የሚያወርደው ለሱ የሚሆነውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው ክብደት የመጀመሪያውን ቀን፣ ካሽ ደግሞ ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንደሚወስን ነው። አንዱ ሌላውን አይተካም። ገጹን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ተማሪ ካሹ ባዶ ነውና ሙሉውን ክብደት ይሸከማል። አንዳንድ ሰው «ኮምፒዩተሩ ይፍጠን» ብሎ ካሹን በየቀኑ ያጠፋል፤ ይህ ካርታውን ከግድግዳ አውርዶ ወደ ግምጃ ቤት እንደ መመለስ ነው። በሚስጥር መስኮት የተከፈተ ገጽም መስኮቱ ሲዘጋ ካሹ አብሮ ይጠፋል። ሲነሡ ሁሉን ነገር የሚያጸዱ የላቦራቶሪ ኮምፒዩተሮችም እንዲሁ ናቸው።

ስለሆነም በኮምፒዩተር የሚያስተምር ሰው ገጹን በዋዜማው በየኮምፒዩተሩ ከፍቶ ቢያልፍ በማግሥቱ የተማሪዎቹን ጊዜ ያተርፋል።

መልመጃ፦ ኤፍ 12ን ተጭናችሁ «ኔትወርክ» የሚለውን ክፈቱ። አንድ ገጽ ጫኑና የወረደውን መጠን መዝግቡ። ከዚያም ያንኑ ገጽ በአዲስ መስኮት ክፈቱና አወዳድሩ። ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ከሆኑ ምክንያቱ ምን ይሆን?