«ይቻላል» እና «ይገባል»፦ ስለ ኢንተርኔት አጠቃቀም በተማሪዎች ማደሪያ



በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ የሚኖሩ ወጣቶች በመካከላችን ጥቂቶች አይደሉም፤ ነገ ሻንጣቸውን ይዘው የሚገቡም አሉ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን ማደሪያ ውስጥ ኢንተርኔትን እንዴት መጠቀም እንደሚገባ በአጭሩ እንመለከታለን። ርእሱ ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የጓደኛ እንቅልፍ፣ የጓደኛ ክብር፣ የአንድ ድኻ ልጅ ፈተናም ሳይቀር በዚህ ጉዳይ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

1ኛ/ መስመሩ የማን ነው?

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከየአቅጣጫው የመጡ ተማሪዎች በዚህች ብርዳም ከተማ ክፍል ተጋርተው ይማራሉ። በማደሪያ ውስጥ አልጋው የየራስ ነው፤ ዋይፋዩ ግን የጋራ ነው። አንዱ ብዙ በወሰደ መጠን ለሌላው የሚተርፈው ያንሳል።

ይህን በቁጥር እናስረዳው። አንድ ፊልም 2 ጊጋባይት፣ መምህሩ የሰጡት ሃንድ አውት ደግሞ 2 ሜጋባይት ቢሆን፣ ፊልሙ የሺህ ሃንድ አውት ያህል ይመዝናል። ለአንድ ሕንፃ የሚደርሰው መስመር በሴኮንድ 20 ሜጋቢት ነው እንበል። ያ ፊልም መስመሩን ሁሉ ብቻውን ቢይዘው እንኳ ከ13 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። አርባ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቢጠቀሙ ደግሞ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ግማሽ ሜጋቢት ብቻ ነው። እንግዲህ አንዱ ተከታታይ ፊልም ሲያወርድ፣ በሚቀጥለው ክፍል ያለችው እኅት የቤት ሥራዋን ለመላክ ስትሞክር ሰዓቱ ሊያልፍባት ይችላል። ዳታ የሚገዛበት ገንዘብ ያለው ወደ ራሱ ስልክ ይዞራል፤ የሌለው ግን ሌላ መንገድ የለውም።

ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ፣ ገንዘብ ያለውም ቢሆን ዳታ የሚገዛበት አልነበረም። የጋራ መስመር ዋጋው ጎልቶ የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

2ኛ/ ከጓሳ የምንማረው

የጋራ ነገርን በሥርዓት መጠበቅ ለሰሜን ሸዋ አዲስ ትምህርት አይደለም። በመንዝ ያለውን የጓሳ መሬት እንመልከት። ጓሳ ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆን ሣር ነው። ያገሬው ሰው ይህን የጋራ ሀብት በደንብ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ሣሩ እስኪያድግ ድረስ መሬቱ ለዓመታት ይዘጋል፣ ጊዜው ሲደርስ ይከፈታል፣ ደንቡን የጣሰም ይቀጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ሲወጣ ነባሩ ሥርዓት ፈረሰ፤ መሬቱም ጠባቂ አጥቶ ተጎዳ። በኋላ ግን ኅብረተሰቡ ራሱ ጥበቃውን መልሶ አቋቋመ። ዛሬም ጓሳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚታዩበት ስፍራ ነው።

ልብ እንበል፤ የአባቶች ደንብ «ሣር አትጨዱ» አላለም። መቼና እንዴት እንደሚታጨድ ነው የወሰነው። እኛም «ፊልም አትዩ፣ አትዝናኑ» አንልም። ከባድ ነገር የሚያወርድ ሰው ብዙው ተጠቃሚ በተኛበት ሰዓት ያውርድ፤ አንዱ ያወረደውን ሌላው እንደገና ከማውረድ በፍላሽ ይቀበለው፤ የፈተና ሳምንት ሲደርስ መስመሩ ለትምህርት ይለቀቅ ነው የምንለው።

3ኛ/ «ይቻላል» ሁለት ትርጉም አለው

በአማርኛችን «ይቻላል» ስንል አንድም ዐቅም አለ ማለታችን ነው፣ አንድም ተፈቅዷል ማለታችን ነው። ማደሪያ ውስጥ ብዙ ጥፋት የሚመጣው እነዚህ ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ለዚህ ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የበለጠ ምሳሌ አናገኝም። ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ብልሽት ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛመተ፤ ገንዘቡን ካወጡት መካከልም ብዙዎቹ ተማሪዎች ነበሩ። ባንኩ እንዳስታወቀው ያለ አግባብ የተወሰደው ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው። ከዚያም ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው ገንዘቡን እንዲመልሱ ጥሪ አደረጉ፤ ብዙዎችም መለሱ። ባንኩ ያልመለሱ ሰዎችን ስምና ፎቶግራፍ ይፋ አደረገ።

ማሽኑ «ይቻላል» ብሎ ነበር። ነገር ግን ማሽን ዐቅምን እንጂ ፈቃድን አይናገርም። በስልካችን ላይ ያለው ሁሉ እንዲሁ ነው። የጓደኛን የይለፍ ቃል ከትከሻው በላይ አይቶ መያዝ ይቻላል፤ ነገር ግን አይገባም። በኮምፒዩተር ወንጀል ዐዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት ሳይፈቀድ ሆን ብሎ በሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት ውስጥ መግባት እስከ ሦስት ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ሊያስቀጣ ይችላል። የራስን የይለፍ ቃል ማዋስም ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ በስማችን ተገብቶ የተሠራው ጥፋት በመጀመሪያ የሚያስጠይቀው እኛን ነውና።

4ኛ/ የጓደኛ ክብርና የወሬ እሳት

ክፍል የተጋራ ሰው ሌላው የማያየውን ያያል፤ ጓደኛው ሲተኛ፣ ሲለብስ፣ ሲያለቅስ፣ ከቤተሰቡ ጋር ስለ ገንዘብ ችግር ሲነጋገር። ይህን በስልክ ቀርፆ በቲክቶክ ወይም በቴሌግራም መልቀቅ ከቀልድ አይቆጠርም፤ አደራ መብላት ነው።

ከዚህ የከፋው ወሬ ነው። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት በበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ሁከት ተነሥቶ ተማሪዎች ሞተዋል፤ ሌሎችም በፍርሃት ግቢያቸውን ጥለው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል። በዚያው ዓመት የጥላቻ ንግግርንና የሐሰት መረጃን የሚከለክለው ዐዋጅ ቁጥር 1185/2012 ወጥቷል። ሕጉ ቢኖርም ባይኖርም ግን፣ ሌሊት «እገሌ የሚባለው ብሔር ሊመጣብን ነው» የሚል መልእክት ሲደርሰን ጣታችንን መያዝ የኛ ፋንታ ነው። ፕሮክተሩን እንጠይቅ፤ የተባለው ቦታ ያለ ጓደኛ ካለን ደውለን እናረጋግጥ፤ ያላረጋገጥነውን አናስተላልፍ። ከበላያችን ባለው አልጋ ላይ የተኛው ልጅ በመልእክቱ የተወነጀለው ወገን ልጅ ሊሆን ይችላል።

5ኛ/ ምን እናድርግ?

ተቋሙ የሚያወጣው ደንብ አስፈላጊ ነው፤ ነገር ግን በእያንዳንዱ ክፍል ሌሊት ቆሞ የሚጠብቅ ደንብ የለም። ስለዚህ የክፍሉ ልጆች በመጀመሪያው ሳምንት ተቀምጠው ይስማሙ።

ሀ/ መብራት ከጠፋ በኋላ ድምፅ በማዳመጫ ብቻ ይሁን።
ለ/ ማንም ሳይፈቅድ ፎቶው አይነሣ፣ አይለጠፍ።
ሐ/ በሌላው ስልክና ላፕቶፕ መጠቀም በፈቃድ ብቻ ይሁን።
መ/ ቤተሰብ ለምግብና ለመጽሐፍ የላከውን ገንዘብ በስፖርት ውርርድ የሚያጠፋ ጓደኛ ካለ፣ ከመሳቅ ይልቅ ለብቻው ጠርቶ መምከር ይለመድ።
ሠ/ የቤት ሥራ የሚያስረክብ ሰው ካለ መስመሩ በቅድሚያ ለእርሱ ይለቀቅ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። ያበረው ድር ግን ጓደኛን የሚያስር እንዳይሆን መጠንቀቅ የሁላችንም ድርሻ ነው።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችሁ በጋራ የሚጠበቅ ውኃ፣ ግጦሽ ወይም ደን አለን? ደንቡስ ለማደሪያ ምን ያስተምራል?
2. «ይቻላል ግን አይገባም» የምትሉት የስልክ አጠቃቀም ምንድን ነው?
3. የክፍል ጓደኛ ስምምነቱን ቢጥስ፣ ለፕሮክተር ከመናገር በፊት ምን ይደረግ?