ወርቅ ነቀርሳን ይፈውሳል ወይ?

ወርቅ ሲባል በቅድሚያ ትዝ የሚለን የጣት ቀለበት ወይም የአንገት ሐብል ነው። የዛሬው ትምህርታችን ግን በዓይን ስለማይታይ ወርቅ ነው፤ ይኸውም የነቀርሳ (የካንሰር) መድኃኒት ተሸክሞ በደም ውስጥ እንዲጓዝ ስለሚዘጋጅ የወርቅ ቅንጣት። ርእሱ ከበድ ያለ ይምሰል እንጂ የሚጠይቀው የሁለተኛ ደረጃ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ብቻ ነው። ነገ አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ወርቅ ካንሰርን ያድናል ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?» ቢለን መልሳችን ምን ይሆናል? ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. ችግሩ ምንድን ነው?

ነቀርሳ የገዛ ሰውነታችን ሕዋሳት ከልክ አልፈው ሲባዙ የሚመጣ በሽታ ነው። ኪሞቴራፒ ደግሞ እነዚህን ሕዋሳት በመድኃኒት መግደል ነው። ብዙዎቹ መድኃኒቶች የሚያጠቁት ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈለውን ሕዋስ ነው። ታዲያ ቶሎ የሚከፋፈለው የነቀርሳ ሕዋስ ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። የፀጉር ሥር፣ የአንጀት ሽፋንና ደም የሚመረትበት የአጥንት መቅኔም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ምክንያት የበሽተኛው ፀጉር ይረግፋል፣ ያስመልሰዋል፣ ደሙም ያንሳል። ዶክሶሩቢሲን የተባለው መድኃኒት ደግሞ ልብን ሊጎዳ ስለሚችል፣ አንድ በሽተኛ በሕይወት ዘመኑ የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን የተወሰነ ነው። ነገሩ እንክርዳድ ልንቀል ብሎ ማሳ ገብቶ ስንዴውንም እንደ መርገጥ ነው። እንግዲህ መድኃኒቱ የጎደለው ጉልበት አይደለም፤ አድራሻ ነው።

2ኛ. ለምን ወርቅ ተመረጠ?

በመጀመሪያ መጠኑን እንወቅ። ናኖሜትር ማለት 1 ሚሊሜትር ለ1,000,000 ሲካፈል የሚገኘው ነው። የአንድ ፀጉር ውፍረት 80,000 ናኖሜትር ያህል ነው ብንል፣ 20 ናኖሜትር የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች 4,000 ሆነው ጎን ለጎን ቢደረደሩ የፀጉሯን ውፍረት ያህላሉ ማለት ነው። ወርቅ የተመረጠበት ምክንያት ሦስት ነው።

ሀ) አሠራሩ የታወቀ ነው። እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1857 የወርቅ ውሁድን በፎስፈረስ ለውጦ ቀይ ፈሳሽ አገኘ፤ ቀይ የሆነው ወርቁ እጅግ ስለደቀቀ መሆኑንም ተረዳ። በ1951 ደግሞ ተርክቪችና ጓደኞቹ የወርቅ ጨውን፣ በሎሚ ውስጥ ካለው ሲትሪክ አሲድ ከሚሠራ ጨው ጋር በማፍላት 20 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ ቅንጣቶችን ሠሩ።

ለ) ገጹ ሰፊ ነው። እያንዳንዱ ጎኑ 1 ሴንቲሜትር የሆነ የወርቅ ኩብ የገጹ ስፋት 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው። ይኸው ወርቅ ጎናቸው 10 ናኖሜትር ወደሆነ ኩቦች ቢከፋፈል ጠቅላላ ገጹ 600 ካሬ ሜትር ይሆናል። የመረብ ኳስ ሜዳ 162 ካሬ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ያቺ ቁራጭ ከሦስት ሜዳ በላይ ትሸፍናለች። መድኃኒት የሚሰቀለው በገጹ ላይ ስለሆነ፣ ገጽ በሰፋ ቁጥር ጭነት ይበዛል።

ሐ) ከድኝ ጋር አጥብቆ ይያያዛል። ወርቅ በቀላሉ የማይዝግ፣ ከሌላ ነገር ጋር ለመዋሐድ የማይቸኩል ብረት ነው። ከድኝ ጋር ግን ይስማማል። ስለዚህ ኬሚስቶች በአንድ ጫፉ ድኝ ያለበት ሞለኪውል ያዘጋጁና በሌላው ጫፉ መድኃኒቱን ያስሩበታል።

3ኛ. ጉዞው እንዴት ነው?

ቅንጣቱ ደም ውስጥ እንደገባ፣ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ያሉ ባዕድ ነገር የሚውጡ ሕዋሳት ይይዙታል። ይህን ለማዘግየት ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተባለ ሽፋን ይለብሳል። በ1986 ማትሱሙራና ማኤዳ የተባሉ የጃፓን ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ የነቀርሳ ዕጢ የደም ሥሮች አፈትላኪ ናቸው፤ ጤነኛው የደም ሥር የማያሳልፈው ትልቅ ሞለኪውል በዚያ ሾልኮ ዕጢው ውስጥ ይከማቻል። ቅንጣቱም በዚሁ መንገድ እንዲገባ ነው የታሰበው። ሕዋሱ ቅንጣቱን ሲውጠው የሚያኖርበት ከረጢት አሲድነት አለው፤ የደም ፒኤች 7.4 ሲሆን የከረጢቱ እስከ 5 ገደማ ይወርዳል። መድኃኒቱ የታሰረበት ሰንሰለት በአሲድ የሚበጠስ ሆኖ ከተሠራ፣ ጭነቱ የሚራገፈው እዚያው ነው።

4ኛ. እስካሁን የት ተደረሰ?

መድኃኒትን በተሸካሚ የመላክ ሐሳብ ሕልም አይደለም። ዶክሶሩቢሲንን በጥቃቅን የቅባት ከረጢት የያዘ መድኃኒት በ1995 በአሜሪካ ተፈቅዶ በሥራ ላይ ውሏል። በወርቅ በኩል፣ 27 ናኖሜትር በሆነ ቅንጣት ላይ ዕጢ የሚያጠቃ ፕሮቲን ተጭኖ በአሜሪካ በበሽተኞች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ በ2010 ታትሟል። ፕሮቲኑ ብቻውን ሲሰጥ ብርቱ መርዛማነት ነበረው፤ በወርቅ ላይ ሲጫን ግን ከቀድሞው የበለጠ መጠን መስጠት ተችሏል። ሙከራው የመጀመሪያ ደረጃ ስለነበር ዋና ዓላማው ደኅንነቱን መመርመር ነበር።

የቀረውም ቀላል አይደለም። በ2016 በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሥር ዓመት የእንስሳት ሙከራዎችን አሰባስበው ሲያሰሉ፣ ከተወጉት ልዩ ልዩ ናኖ ቅንጣቶች ውስጥ ዕጢው ዘንድ የደረሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ1,000 መልእክተኛ ቤቱን ያገኘው 7 ብቻ ነው ማለት ነው! በዚያ ላይ ወርቅ በሰውነት ውስጥ በቀላሉ አይፈርስም፤ በጉበት ለረጅም ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ የኪሞቴራፒ መድኃኒት የተጫነበት ወርቅ እንደ መደበኛ ሕክምና ገና አልተፈቀደም።

5ኛ. ለተማሪያችን ምን እንበል?

«ወርቅ ካንሰርን አይፈውስም፤ ፈዋሹን መድኃኒት እንዲሸከም እየተጠና ነው» እንበለው። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ነው። ቤቱ ታማሚ ያለበት ልጅ ግማሹን ብቻ ሰምቶ ቢሄድና ቤተሰቡ የተጀመረውን ሕክምና አቋርጦ ወርቅ የነካው ውሃ ፍለጋ ቢወጣስ? ወላጅ «መምህሩ ብለዋል» ካለ ነገሩ ያለቀለት ነው። ተስፋውንም ጉድለቱንም እኩል ማስተማር ይገባናል።

ለመወያያ፦
1. ጎኑ 3 ሴንቲሜትር የሆነ የድንች ኩብ ጎናቸው 1 ሴንቲሜትር ወደሆነ ኩቦች ቢቆረጥ ጠቅላላ ገጹ ስንት እጥፍ ይሆናል? በክፍል ውስጥ በቢላዋ ሠርታችሁ አሳዩ።
2. የሰንሰለቱ በአሲድ መበጠስ ለጤነኛ ሕዋሳት ምን ጥቅም አለው?
3. በአይጥ ላይ የሠራ መድኃኒት በሰው ላይ ላይሠራ የሚችለው ለምንድን ነው?

የጎደለውን መምህሮቻችን እንዲሞሉበት፣ ጥያቄ ያለው ጓደኛም ጽፎ ከዚሁ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።