ላሊበላና አዲስ አበባ ምን ያህል ይራራቃሉ?

ባለፈው የማስተማር ልምምድ ወቅት፣ በላስታ ደጋ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት የ6ኛ ክፍል ተማሪዎችን «ከላሊበላ አዲስ አበባ ምን ያህል ይርቃል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። አንዱ «አንድ ሰዓት!» አለ። አንዷ «ኧረ ሁለት ቀን ነው!» አለች። ሦስተኛው «700 ኪሎ ሜትር» ሲል መለሰ። እኔም ለሦስተኛው አስጨበጨብኩለትና ሁለቱን «ተሳስታችኋል፣ ተቀመጡ» አልኳቸው። ማታ ቁጭ ብዬ ሳሰላው ግን የተሳሳትኩት እኔ ሆኜ አገኘሁት። እንዴት ቢባል፣ እነሆ።

1ኛ/ የአየር ርቀት። የቦሌ አየር ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ፣ የላሊበላው ደግሞ በ12 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። ሁለቱም ምሥራቅ ኬንትሮስ 39 ዲግሪ አጠገብ ስለሆኑ ላሊበላ ከቦሌ ወደ ሰሜን ቀጥ ብሎ ነው ያለው ማለት ይቻላል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪ.ሜ. ያህል ነው። ስለዚህ፦
3 × 111 = 333 ኪ.ሜ.

2ኛ/ የመንገድ ርቀት። መኪና እንደ አሞራ አይሄድም። በደብረ ብርሃን፣ በደሴና በወልድያ አልፎ ጋሸና ላይ ወደ ላሊበላ ይታጠፋል። ጋራውንና ገደሉን ሲዞር መንገዱ 700 ኪ.ሜ. ገደማ ይሆናል፤ ከአየሩ እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። አውቶቡስ የሚቆምበት ሁሉ ተቆጥሮ በአማካይ በሰዓት 40 ኪ.ሜ. ቢሄድ፦
700 ÷ 40 = 17 ሰዓት ተኩል
ይህ በአንድ ቀን ብርሃን አያልቅም፤ መንገድ ላይ ይታደራል። እንግዲህ ልጅቱ ልክ ነበረች!

3ኛ/ የበረራ ጊዜ። ኪው 400 የተባለው ባለ ሁለት ፕሮፔለር አውሮፕላን በሰዓት 600 ኪ.ሜ. ቢበር፦
333 ÷ 600 × 60 = 33 ደቂቃ ገደማ
ታዲያ ቀጥታ በረራው ለምን አንድ ሰዓት ያህል ይያዝለታል? አውሮፕላኑ እኮ ከቆመበት ተነሥቶ እስከ መንደርደሪያው በዝግታ ይጓዛል፤ ሲወጣና ሲወርድ ፍጥነቱ ያነሰ ነው፤ ለማረፍም መስመር መያዝ አለበት። ካረፈ በኋላም እስኪቆም ጊዜ ይወስዳል። ይህ ሁሉ ሲደመር አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 333 ኪ.ሜ. ብቻ ይሆናል። «አንድ ሰዓት» ያለውም ልክ ነው ማለት ነው።

በማግሥቱ ክፍል ገብቼ ልጆቹን ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ከዚያም «እንዴት አወቃችሁ?» አልኳቸው። ልጁ አጎቱ በአውሮፕላን ሲመጣ ሰምቶ ኖሯል። ልጅቱ ግን አንገቷን ደፍታ «ቲቸር፣ እናቴን ለሕክምና ስንወስዳት ደሴ አድረን ነው የገባነው» አለችኝ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔ «ስህተት» ያልኩት መልስ ለካ በእናቷ ሕመም የተለካ ርቀት ነበር።

ስህተቱ የጥያቄዬ ነው። «በምን?» የሚለው ቃል ጎድሎታል፤ በአየር ነው በመኪና? በኪሎ ሜትር ነው በሰዓት? የሙያ ጓደኞቼ ሆይ፣ በቀይ እስክሪብቶ ከመሰረዛችን በፊት «እንዴት አወቅህ? እንዴት አወቅሽ?» ማለትን እንልመድ።

መልመጃ፦ አየር ማረፊያው ከላሊበላ ከተማ 20 ኪ.ሜ. ይርቃል እንበል። መኪናው በሰዓት 40 ኪ.ሜ. ቢሄድ፣ መንገደኛውም ከበረራው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ቢደርስ፣ ከቤቱ ተነሥቶ ቦሌ እስኪያርፍ ስንት ሰዓት ይፈጅበታል? የ«አንድ ሰዓቱ» መንገድ ስንት እንደሚሆን ሠርታችሁ እዩት።