ቅዱሱን ቅዱስ ያደረገው ምንድን ነው? ይሁዲነትና ቡድሂዝም ጎን ለጎን

ጥያቄው

በሉማሜም ሆነ በዙሪያዋ ገጠር ሰው ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ከበቅሎው ይወርዳል፤ ደጁን ይሳለማል፤ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ጫማውን ያወልቃል። ለምን ቢሉት «ቅዱስ ቦታ ነዋ!» ይላል። የዛሬው ትምህርታችን ከዚህ መልስ ይነሣል። ቦታውን ቅዱስ ያደረገው ማን ነው? ወይስ ምን? ሁለት ሃይማኖቶችን እንጠይቅ። አንዱ በኦሪት በኩል የምናውቀው ነው፤ ሌላው ደግሞ ከምናስበው በላይ ቀርቦናል።

ይሁዲነት፦ ፈጣሪ የለየው

በኦሪት ዘፍጥረት ከሁሉ አስቀድሞ የተቀደሰው ተራራ ወይም ቤት አይደለም፤ ቀን ነው። እግዚአብሔር ሰባተኛውን ቀን ከሌሎቹ ለይቶ ቀደሰው። በአይሁድ እምነት ቅዱስ የሚባለው ፈጣሪ ለራሱ የለየው ነገር ነው፤ ቀንም፣ ቦታም፣ ሕዝብም ሊሆን ይችላል። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን የሚገባው ሊቀ ካህናቱ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን በዓመት አንዴ፣ በስርየት ቀን። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ብለን የምንከፍለው የእኛ ቤተ ክርስቲያን የዚያን አሠራር ጥላ ይዟል። እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም የመርጡለ ማርያም አባቶችም ከክርስትና በፊት በቦታው መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብ እንደነበር ይተርካሉ።

እ.ኤ.አ. በ70 ሮማውያን ቤተ መቅደሱን አፈረሱት። ካህኑም መሠዊያውም በሌሉበት ቅድስናው የት ይደር? በሰንበትና በኦሪት መጽሐፍ ላይ አደረ። በምኵራብ የኦሪቱን የብራና ጥቅልል የሚያነብ ሰው ጽሑፉን በጣቱ አይነካም፤ በመጠቆሚያ ይከተላል። ጥቅልሉ ሲያረጅ እንደ ሰው ይቀበራል እንጂ አይጣልም።

የኢትዮጵያ አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል ይህን ለዘመናት በጎንደርና በአካባቢው ኖረውታል። ኦሪታቸው በግዕዝ የተጻፈ ነበር። በሰንበት እሳት አያነዱም ነበር፤ ምግቡ ዓርብ ተሰናድቶ ያድር ነበር፤ ከመንደር ርቆ መሄድም አይፈቀድም ነበር። በስግድ በዓል ጾመው፣ ኦሪቱን ከያዙት ቄሶች ጋር ተራራ ይወጡ ነበር። ያ ተራራ በሌላው ቀን ከብት ሊሰማራበት ይችል ነበር፤ የዚያን ዕለት ግን ሲና ነበር። ወደ እስራኤል ከፈለሱ በኋላ ደግሞ የእስራኤል ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል። ከጎንደር ተራሮች ተነሥቶ እዚያ መድረሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ቡድሂዝም፦ የነቃ ሰው ያለፈበት

ሲድሃርታ ጎታማ በምቾት ያደገ የመስፍን ልጅ ነበር። በትውፊቱ እንደሚነገረው ሽማግሌ፣ በሽተኛና አስከሬን ካየ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ትቶ መነነ። ሕንድ ውስጥ ቦድህ ጋያ በሚባል ቦታ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ የመከራን ምንጭና ማብቂያውን ተረዳ፤ ከዚያ ወዲያ ቡድሃ፣ ማለትም የነቃው፣ ተባለ።

ይህ ታሪክ የክርስቲያን ልብስ ለብሶ ኢትዮጵያ ከገባ ቆይቷል። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ አገር አልፎ የበረላምና የይዋሴፍ መጽሐፍ ሆነ፤ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ ዕንባቆም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱት። ቤተ መንግሥቱን ትቶ የሚመንነው ልዑል ይዋሴፍ ከጎታማ ሕይወት የተቀዳ ነው።

ቦድህ ጋያን ማንም ፈጣሪ «ይህ የእኔ ነው» ብሎ አልለየውም። ቅዱስ ያሰኘው አንድ ሰው እዚያ መንቃቱ ነው። ተሳላሚው ጫማውን አውልቆ ዛፉንና መቅደሱን ይዞራል፤ አበባ ያቀርባል። በስሪ ላንካ አበባውን ሲያኖሩ የሚደግሙት ጸሎት አበባው እንደሚጠወልግ፣ የአቅራቢው ሥጋም እንዲሁ እንደሚያልፍ ያስታውሳል። ስጦታው ራሱ ትምህርት ነው።

መነኮሳቱ ጠዋት ጠዋት ምጽዋት ይዞራሉ። የጎጃም ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚለውን የቆሎ ተማሪ ያውቃል። ልዩነቱ ቡድሂስቱ መነኩሴ ድምፅ አለማሰማቱ ነው፤ ሳሕኑን ይዞ ዝም ብሎ ይቆማል። ከተቀባዩ ይበልጥ የሚጠቀመው ሰጪው ነው ተብሎ ይታመናል።

አንድ ምሁር የተጨነቀበት

ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርኬም እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው መጽሐፉ ሃይማኖትን በአምላክ መተርጎም አይቻልም ያለው በቡድሂዝም ምክንያት ጭምር ነው። ይልቁንም ቅዱሱ የተለየና የተከለከለ ነው፤ ሃይማኖትም በዚያ ላይ ይቆማል አለ። እኔ በግማሹ እስማማለሁ። ይህ ፍቺ ለሰንበትና ለቅድስተ ቅዱሳን ልክ ነው፤ ለቦድህ ጋያ ዛፍ ግን ይጠባል። ዛፉ የሚከበረው ስለተከለከለ ሳይሆን መንገድ ስለሚያሳይ ነው።

ተማሪዎች የሚጠይቁት

«ታዲያ ለቡድሃ ይጸልያሉ?» መልሱ አንድ ወጥ አይደለም። የመጀመሪያው ትምህርት ቡድሃን እንደ መምህር እንጂ እንደ ፈጣሪ አያይም። በቻይናና በጃፓን ግን አሚታባ የተባለውን ሌላ ቡድሃ ስሙን እየጠሩ የሚማጸኑ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ፈተና ላይ «ቡድሂስቶች አይጸልዩም» ብላችሁ አትጻፉ።

«በምስል ፊት መስገዳቸውስ?» ሁለቱ ሃይማኖቶች ከምር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ለአይሁዳዊ በተቀረጸ ምስል ፊት መስገድ በሲና የተሰጠውን ትእዛዝ መተላለፍ፣ ቅዱሱን ማርከስ ነው። ለቡድሂስት ደግሞ መምህሩን ማስታወስና የራስን ትዕቢት ዝቅ ማድረግ ነው።