ያረጀ የሞተር ብስክሌት ሞተር ከመፈታቱ በፊት ሊመረመር የሚገባው ነገር

ለብዙ ዘመን በመጋዘን ጥግ ቆሞ የኖረ የሞተር ብስክሌት ያገኘ ሰው፥ አስቀድሞ እጁን የሚዘረጋው ወደ መፍቻው ነው። ብሎኑን ሁሉ ፈትቶ፥ ዕቃውን በጨርቅ ላይ ዘርግቶ፥ ምን እንደሚያደርግ ማሰብ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው፥ ዝገት ያላጠፋውን ሞተር እንዲህ ያለው ችኮላ ያጠፋዋል።

ለሥራው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ሞተሩን ሳይበትኑ አጽድቶ፥ የተበላሸውን ብቻ ለውጦ እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው ኩሽኔታ ድረስ ፈትቶ ያለቀውን ሁሉ ማደስ ነው። ከሁለቱ የሚሻለውን የሚወስነው የባለቤቱ ምኞት ወይም የገንዘቡ መብዛት አይደለም፤ ብረቱ ራሱ ሲመረመር የሚሰጠው ምስክርነት ነው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት ቢ.ኤስ.ኤ. ኤም 20 የተባለው የእንግሊዝ ሞተር ብስክሌት ይበቃል። ይህ መኪና በበርሚንግሃም ከተማ በኤውሮፓ አቆጣጠር ከ1937 እስከ 1955 ዓ.ም. ሲሠራ ኖረ፤ ከ1939 እስከ 1945 በተደረገው ጦርነት ጊዜም ከ120 ሺሕ የሚበልጥ ተሠርቷል። ስለዚህ ዛሬም የተረፈው ብዙ ነው፤ መለዋወጫውም እየተሠራ ይሸጣል። ሞተሩ ባለ አንድ ሲሊንደር ሲሆን፥ የሲሊንደሩ የውስጥ ስፋት 82 ሚሊ ሜትር፥ ፒስቶኑ የሚመላለስበት ርዝመት 94 ሚሊ ሜትር ነው። አስተማሪው ይህን ለሒሳብ ትምህርት ሊጠቀምበት ይችላል። የ82 እኩሌታ 41 ነው፤ 41 በራሱ ሲባዛ 1,681 ይሆናል፤ ይህ በ3.1416፥ ቀጥሎም በ94 ቢባዛ 496 ሺሕ ኪዩብ ሚሊ ሜትር ከጥቂት፥ ይኸውም 496 ኪዩብ ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ይህን ያህል ስፋት ይዞ ኃይሉ ወደ 13 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነው፤ ለፍጥነት ሳይሆን ለጽናት የተሠራ ነውና። ቫልቮቹ በሲሊንደሩ ጎን ስለ ተተከሉ፥ ቴስታታው ተራ ክዳን ነው፤ ብሎኖቹ ሲፈቱ ይነሣል። ለመርማሪ ከዚህ ይልቅ የተመቸ ሞተር ጥቂት ነው።

ምርመራው ግን የሚጀመረው ከክዳኑ አይደለም። የዚህ ሞተር ዘይት የሚቀመጠው በተለየ ታንክ ነው፤ ለብዙ ጊዜ ሲቆም ዘይቱ በፓምፑ በኩል እየሾለከ ወደ ሞተሩ ሆድ ይወርዳል። ስለዚህ በእግር ረግጦ ለማስነሣት ከመሞከር በፊት፥ ከሥር ያለውን መክፈቻ ፈትቶ የወረደውን በንጹሕ ሳሕን መቀበል ያስፈልጋል። ከዘይቱ ሥር ውሃ ቢታይ ውስጡ ዝጎ እንደ ሆነ መጠርጠር ይገባል። በጣት ሲታሽ የሚያብለጨልጭ የብረት ፍርፋሪ ቢገኝ ግን፥ ኩሽኔታው ወይም ጥርሱ እየተበላ ነው ማለት ነውና ሁለተኛው መንገድ ግድ ይሆናል።

ፒስቶኑ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ቢል በመዶሻ መምታት ክፉ ነው። ካንዴላው ወጥቶ ናፍጣ ከቀጭን ዘይት ጋራ ተቀላቅሎ በቀዳዳው ይፈስበታል፤ ጥቂት ቀንም ይተዋል። ከዚያ በኋላ አራተኛ ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ጎማ ቀስ ብሎ ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው።

ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ዋናው ነገር መለካት ነው። ሲሊንደር ከላይ እስከ ታች እኩል አያልቅም፤ አብዝቶ የሚበላው በላይኛው ጫፍ አጠገብ፥ የፒስቶኑ ቀለበት በሚደርስበት ወሰን ነው። ቀለበቱ የማይነካው ጠርዝ እንደ ደረጃ ሆኖ በጥፍር ይታወቃል። ስለዚህ ከላይ፥ ከመካከልና ከታች፥ በየስፍራውም በሁለት አቅጣጫ ተለክቶ ይጻፋል። መበላቱ ፋብሪካው ከወሰነው ልክ ያላለፈ እንደ ሆነ አዲስ ቀለበት ይበቃል። ያለፈ እንደ ሆነ ግን ሲሊንደሩ በመሣሪያ ተፍቆ፥ ሰፋ ያለ ፒስቶን ይገባበታል። እነዚህ ፒስቶኖች የሚሸጡት በየደረጃው ነው፤ አንዱ ከመጀመሪያው ልክ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፥ ሌላው አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይበልጣል። እንግዲህ ሳያስፈልገው ሲሊንደሩን ያስፋቀ ሰው፥ ከዕድሜው አንዱን ደረጃ በከንቱ ጣለ። የተፋቀ ብረት አይመለስም፤ ደረጃው ሲያልቅ የሚቀረው ሌላ የብረት ቱቦ በውስጡ ማስገባት ነው፤ ይህም የሠለጠነ ባለሙያና ብዙ ወጪ ይጠይቃል።

ሲሊንደሩም ሲነሣ፥ ፒስቶኑን ከዘንጉ ጋራ የሚያገናኘው ቢየላ በእጅ ተይዞ ይሞከራል። ወደ ላይና ወደ ታች ሲገፋ መላወስ የለበትም፤ ወደ ጎን ጥቂት ቢንቀሳቀስ ግን የአሠራሩ ጠባይ ነው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው ደኅናውን ዘንግ ያስፈታል።

እሳት የሚሰጠው ማግኔቶ ለብቻው መታየት አለበት። በውስጡ ያለው ኮንደንሰር ከእርጅና የተነሣ ይደክማል፤ ሞተሩ ሲቀዘቅዝ እሳቱ ደኅና ሆኖ፥ ሲግል ይጠፋል። ባለቤቱም ካርቡራተሩን በከንቱ ሲፈታና ሲገጥም ይውላል። ሞተሩ ባይበተንም እንኳ የማግኔቶውን ኮንደንሰር አስቀድሞ ማስለወጥ ድካም ያተርፋል።

ብረቱ ደኅና ሆኖ ሳለ፥ ለመልኩ ሲሉ ብቻ ሁሉን የሚፈቱና የሚወለውሉ አሉ። እነዚህ ፋብሪካው የገጠመውን፥ ለብዙ ዓመትም አብሮ ሲሠራ የተላመደውን ዕቃ ይለያያሉ። በሞተሩ አካል ላይ የተቀረጸው ቁጥርም በመፋቂያ ቢጠፋ፥ መኪናው መቼ እንደ ተሠራ ማወቂያው ምልክት ይጠፋል። ሁሉን መፍታት የሚገባው ልኬቱ ሲያስገድድ ነው፤ ሲያስገድድም መሳሳት አይገባም፤ የተበላ ኩሽኔታ ይዞ የሄደ ሞተር በመንገድ ላይ ተሰብሮ ሌላውን ደኅና ብረት ይዞ ይጠፋልና።

ባለቤቱ አንደኛውን መንገድ ከመረጠ ስለ ዘይቱ ይጠንቀቅ። የዛሬ ዘይት አብዛኛው ቆሻሻ የሚያጥብ መድኃኒት አለበት፤ በአሮጌው ሞተር ውስጥ ለዘመናት የረጋውን አተላ አላቅቆ የዘይቱን መተላለፊያ ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህ ታንኩና ማጣሪያው አስቀድመው ይታጠቡ። ሞተሩ በተነሣ ጊዜም የዘይቱ ታንክ ክዳን ተከፍቶ ይታይ፤ ዘይቱ በመመለሻው ቧንቧ ወደ ታንኩ ሲፈስ ካልታየ፥ ሞተሩ ሳይውል ሳያድር ወዲያው ይጥፋ።