ስለ ትምህርት መሣሪያ ለመምህር ስለ መጻፍ

ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ መሐል አገር የሚገባው ዕቃ ብዙው በሞጆ ደረቅ ወደብ ያርፋል። ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ አንዱ መንገድ ወደ አዳማ፣ አንዱ ወደ ሐዋሳ በሚለያይባት በዚህች ከተማ፣ የቆዳ ፋብሪካውን ሽታ እየለመደ ያደገ ልጅ ሁሉ በኮንቴይነር ታሽጎ የሚያልፈው ምን እንደ ሆነ ባያይም፣ ማለፉን ግን ሌሊቱን ሙሉ ከከባድ መኪናው ጩኸት ያውቃል። ለትምህርት ቤቶች የሚታዘዘው ኮምፒዩተርም ታብሌቱም የክፍል ቴሌቪዥኑም በአብዛኛው የሚመጣው በዚሁ መንገድ ነው። የዕቃው መምጣት ብዙ አያስጨንቅም፤ ሰነዱ ከተሟላና ቀረጡ ከተከፈለ ጉዳዩ አለቀ። የሚያስጨንቀው፣ ስለ ዕቃው የሚጻፈው ነገር ከመምህሩ ልቡና መድረሱና ከመምህሩም አንድ ቃል ተመልሶ መምጣቱ ነው፤ ይህም ምዕራፍ የተጻፈው ስለ ትምህርት መሣሪያ ለመጻፍ ብዕሩን ላነሣ፣ አንባቢዎቹም ዝም እንዳይሉት ለሚመኝ ሰው ነው።

በዚህ ጉዳይ የሚጻፈውን የተከታተለ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከመሣሪያው ነው፤ ምን ያህል ማኅደረ ትውስታ እንዳለው፣ ባትሪው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ በየትኛው አገር ምን ተአምር እንደ ሠራ ከዘረዘረ በኋላ «መምህራን ሊጠቀሙበት ይገባል» ብሎ ያበቃል። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ውዳሴ ነው፤ ውዳሴ ደግሞ የሚጻፈው ለገዢ ነው። መምህሩ ቢያነበውም የሚመልሰው ነገር የለውም፤ የተጠየቀው ነገር የለምና። ስለዚህ ጸሐፊው ከሁሉ አስቀድሞ ሊቆርጠው የሚገባው ነገር፣ የሚጽፈው መሣሪያው ደጃቸው ስለ ደረሰ ሰዎች ነው ወይስ ለእነዚያው ሰዎች ለራሳቸው ነው የሚለው ነው።

ምሳሌውን ፍለጋ ከስምጥ ሸለቋችን መውጣት አያሻም። በ2004 ዓ.ም. «ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት የገጠር መንደሮች፣ በየመንደሩ ሃያ ለሚያህሉ ሕፃናት የሞቶሮላ ታብሌት አደለ። አንደኛው መንደር በወንጪ፣ በእሳተ ገሞራው አፍ ከፍታ ላይ ነበር፤ ሁለተኛው በእኛው ሸለቆ በወለንጪቲ። ታብሌቶቹ ከነሣጥናቸው ታሽገው፣ ያለ መምህርና ያለ መመሪያ ተቀመጡ፤ ለአዋቂዎቹ የተነገራቸው በፀሐይ ኃይል እንዴት ቻርጅ እንደሚደረጉ ብቻ ነበር። በየሳምንቱም አንድ ባለሙያ እየመጣ፣ ሕፃናቱ በመሣሪያው ምን እንደ ሠሩ የሚመዘግበውን ካርድ ይለውጥ ነበር። በጥቅምት 2005 ዓ.ም. የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጉባኤ ላይ ቆሞ ውጤቱን ሲናገር፣ በአራት ደቂቃ ውስጥ አንዱ ሕፃን ሣጥኑን ከፍቶ፣ ማብሪያውን አግኝቶ እንዳበራው፣ በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 አፕሊኬሽን ይከፍት እንደ ነበር፣ በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛውን ፊደል በመንደሩ እየዞሩ እንደ ዘመሩ፣ በአምስተኛውም ወር ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው እንደ ከፈቱት ገለጸ፤ ወሬውም ዓለምን ዞረ።

እኔ ይህን ታሪክ አልንቀውም። ሕፃን ልጅ ያላየውን ነገር በአራት ደቂቃ ሲያስነሣ መስማት ያስደስታል፤ ሕፃናቱም አንዱ ለሌላው እያሳየ መማራቸው፣ ታላቁ ተማሪ ለታናሹ ፊደል ሲያስቆጥር ባየ በየኔታ ደቀ መዝሙር ዘንድ እንግዳ ነገር አይሆንም። ነገር ግን ታሪኩ የተሠራበትን ነገር አንድ በአንድ ብንለቅመው ደቂቃ፣ ቀን፣ ሳምንትና የአፕሊኬሽን ብዛት ሆኖ እናገኘዋለን። ቤቱ በሌላ ቋንቋ የሚያወራ ልጅ የእንግሊዝኛ ፊደል ሲዘምር እናቱ ምን አለች? ከብት የሚጠብቀው ልጅ ታብሌቱን በስንት ሰዓት ያገኘው ነበር? በዘጠነኛው ወር ማን አሁንም ይከፍተው ነበር? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው ሊቅ በጉባኤው አዳራሽ አልነበረም፤ የፀሐይ ሰሌዳውን በየቀኑ አቧራውን የሚጠርገው የመንደሩ ሰው ነበር። ታሪኩ የተነገረው በእንግሊዝኛ፣ ለእንግሊዝኛ አንባቢ ነበርና እርሱን የሚጠይቅ ጽሑፍ አልሆነም።

ሁለተኛው ምሳሌ ለአብዛኛው አንባቢ የቀረበ ነው፤ በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ የተማረ ሁሉ በዓይኑ አይቶታልና። በ1997 ዓ.ም. ትምህርት በሳተላይት ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መተላለፍ ሲጀምር፣ በየክፍሉ በብረት ሣጥን የተቆለፈ ፕላዝማ ቴሌቪዥን ገባ። ደወሉ ተደውሎ መምህሩ ይገባል፤ ቁልፍ አውጥቶ ሣጥኑን ይከፍታል፤ ለመግቢያ ጥቂት ደቂቃ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ በቴሌቪዥኑ የደቡብ አፍሪካ አስተማሪዎች በእንግሊዝኛ መናገር ይጀምራሉ፤ ከአርባው ደቂቃ ሠላሳ ያህሉ የእነርሱ ነው። ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ ተማሪው ደብተሩን ገልጦ እስክሪብቶውን ሳያነሣ መልሱን ራሳቸው ይነግሩታል። ሥርጭቱ ለአገር ሁሉ በአንድ ሰዓት ነውና ሞጆ ላይ መብራት ቢጠፋ ቆሞ አይጠብቅም፤ መብራቱ ሲመለስ ትምህርቱ ሌላ ገጽ ላይ ይገኛል። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ሲማር የቆየው የዘጠነኛ ክፍል ተማሪም በዚህ ፍጥነት፣ በዚህ ቋንቋ፣ ባልለመደው አነጋገር ሒሳብና ፊዚክስ ይከተል ዘንድ ተፈረደበት። መምህሩ የቀረችለት በመጀመሪያና በመጨረሻ ያለችው ጥቂት ደቂቃ ነበረች።

ስለ ፕላዝማው በዚያን ጊዜ የተነገረው ነገር ተቆጥሮ አያልቅም። አንዱ ወገን የትምህርት ጥራት ለገጠሩም ለከተማውም እኩል ደረሰ ሲል፣ ሌላው ወገን መምህሩ በገዛ ክፍሉ ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆነ ይል ነበር፤ በእኔ አስተያየት ሁለተኛው ወገን ወደ እውነቱ ይቀርባል። ይሁን እንጂ ሁለቱም ለመምህሩ አልጻፉለትም። ለእርሱ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ ኖሮ ጽሑፉን የሚጀምረው ከዚያችው ከቀረችለት ጥቂት ደቂቃ ይሆን ነበር፤ ከሥርጭቱ በፊት በዕለቱ ትምህርት የሚመጡትን አምስት ከባድ ቃላት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፎ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ፈትቶ ቢተዋቸው፣ ተማሪው ምስሉን ሲያይ የሚይዘው ነገር ያገኛል፤ ከሥርጭቱም በኋላ ሦስት ልጆች የሰሙትን በራሳቸው አንደበት እንዲደግሙ ቢያደርግ፣ ያልገባቸው ነገር ወዲያው ይገለጣል። እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው ከመምህራን መልስ ያገኛል፤ አንዱ «አምስት ቃል አይበቃም» ይለዋል፤ ሌላው «እኔ ቃላቱን የምጽፈው ከአንድ ቀን በፊት ነው» ይለዋል።

ከአንባቢ ጋር መነጋገር ለአገራችን ጽሑፍ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከ1917 ዓ.ም. ጀምሮ ይታተም የነበረው «ብርሃንና ሰላም» ጋዜጣ ከአንባቢዎቹ ጽሑፍ ይቀበል ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚጠቀሰው ግን ጋዜጠኛው ጳውሎስ ኞኞ ነው። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ «አንድ ጥያቄ አለኝ» በሚለው ዓምዱ፣ አንባቢው ከየክፍለ ሀገሩ በደብዳቤ የላከለትን ጥያቄ እያነሣ መልስ ይሰጥ ነበር። ጳውሎስ ራሱ በመደበኛ ትምህርት ከአራተኛ ክፍል ያላለፈ ሰው ነው ይባላል፤ ምናልባትም ከዚህ የተነሣ የሚጠይቀውን ሰው ከላይ ሆኖ አያየውም። የማይረባ የመሰለውን ጥያቄ በቀልድ ይመልሰዋል፣ የቸገረውን ሰው ጥያቄ መጻሕፍት አገላብጦ ይመልሰዋል፤ አንባቢውም ስሙን በጋዜጣ ላይ ሲያይ ለሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ጥያቄ ያዘጋጃል። የዚያ ዓምድ ርእስ ከአንባቢው አፍ የተወሰደ መሆኑን ልብ ይሏል፤ ጠያቂው አንባቢው ነበር፤ ጸሐፊው የተጠራ እንግዳ ነበር። ስለ ትምህርት መሣሪያ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው አንድ መምህር ምረጥ ቢባል ከባሕር ማዶ ከሚመርጥ ይልቅ ይህን ሰው ቢመርጥ ይሻለዋል።

ወደ ሥራው እንግባ። ጽሑፍህን ከማሳተምህ በፊት ክፍል ውስጥ ውሎ ለሚያድር ሰው ጮክ ብለህ አንብብለት። እኔ በሞጆ ብዙ ዘመን ያስተማሩ አንድ አዛውንት መምህር ጋ ሄጄ፣ በቡና ቤቱ በረንዳ ላይ፣ የጭነት መኪናው ሲያልፍ እያቆምኩ፣ ሲጸጥ እየቀጠልኩ፣ አንድ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍሉን እንዴት ሊጠቀምበት እንደሚችል የጻፍኩትን አነበብኩላቸው። ስለ ሶፍትዌሩ ያልኩትን ዝም ብለው ሰሙ፤ ስለ ኢንተርኔቱ ያልኩትን ራሳቸውን ነቅንቀው ተቀበሉ፤ ከዚያም ሲኒያቸውን አስቀምጠው፣

«አንተ ልጅ፣ ቁልፉ ማን ጋ ነው?» አሉኝ።

«የክፍሉ ቁልፍ?»

«አዎን። ንብረት ክፍሉ ጋ ከሆነ፣ ሰውየው ለስብሰባ ወረዳ በሄደ ቀን ትምህርት የለም ማለት ነው። ርእሰ መምህሩ ጋ ከሆነ ደግሞ ማን ደፍሮ በየቀኑ ይጠይቃቸዋል? አንዱ ኮምፒዩተር ቢበላሽ ከደመወዜ ይቆረጣል ብሎ የሚፈራ መምህር ተማሪ ይዞ አይገባም። እስቲ እሱን ጻፍልን።»

በዚያ ጥያቄ ውስጥ አንድ ሙሉ ጽሑፍ አለ፤ ተጽፎም ከብዙ ትምህርት ቤት መልስ የሚያመጣ ጽሑፍ ነው። ስለዚህ የመሣሪያውን ጠባይ ከመጻፍህ በፊት ስለ ቦታው የምትጠይቃቸው ነገሮች ይኑሩህ፤ በአንድ ክፍል ስንት ተማሪ አለ፣ ትምህርቱ በፈረቃ ነው ወይስ ሙሉ ቀን፣ መብራቱ በየትኛው ሰዓት ይጠፋል፣ ዕቃው ሲበላሽ የሚጠገነው አዳማ ነው ወይስ አዲስ አበባ፣ የሚፈርምበት ማን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ትምህርት በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በቴሌግራም ሲሰጥ፣ በብዙ ቤት ኢንተርኔት የሚከፍት ስልክ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከአባት ጋር ሥራ ውሎ ማታ ይገባል። ይህን የሚያውቅ ጸሐፊ «ፋይሉ ትንሽ ይሁን፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ ይላክ» ብሎ ይጽፋል፤ የማያውቅ ጸሐፊ ስለ ቪዲዮ ትምህርት ጥቅም ይጽፋል።

በጽሑፍህ መጨረሻ አንባቢህን የምትጠይቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን፤ መልሱን ከእርሱ በቀር ማንም የማያውቀው ጥያቄም ይሁን። «አስተያየታችሁን ላኩልን» የሚል ሐረግ ከጨዋነት በቀር ምንም አይጠይቅምና የሚመልሰው የለም። «በእናንተ ትምህርት ቤት የኮምፒዩተር ክፍሉ ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን ተከፈተ?» ብትል ግን መምህሩ ለመመለስ ማሰብ አይጠበቅበትም፤ ያውቀዋል፤ ቁጥሩን ሲጽፍም ምክንያቱን ሳይጨምር አያልፍም፤ የምትፈልገውም ምክንያቱን ነው። በሞጆ፣ በአዳማ፣ በመቂና በዝዋይ ለሚያስተምር መምህር ስትጽፍ ጥያቄው በአፋን ኦሮሞም ይታተም፤ በአማርኛ አንብቦ የሚረዳ መምህር ብዙ ነው፣ ቅሬታውን ግን ሰው የሚጽፈው ክፍል ውስጥ በሚናገርበት ቋንቋ ነው። ትርጉሙንም ለዘመድ ልጅ አደራ ብለህ አትስጥ፤ የሚያስተምር ሰው ይተርጉመው።

ከሚመጣልህ መልስ የሚያመሰግንህን ለራስህ አስቀምጠው። የሚቃወምህን ሳታሳጥር፣ የጸሐፊው ፈቃድ ካለ ከነስሙ፣ ፈቃድ ከሌለ ያለ ስም፣ ከአንተ ጽሑፍ አስቀድመህ አትመው፤ መምህር ስሙ በወጣበት ደብዳቤ ምክንያት ከአለቃው ጋር ሊጣላ ይችላልና በዚህ አትቸኩል። ስለ አንድ ጉዳይ ሦስት ሰው ከሦስት ትምህርት ቤት ከጻፈልህ፣ ለሚቀጥለው ያዘጋጀኸውን ጽሑፍ ወደ ጎን ትተህ ስለዚያ ጻፍ፤ ለመጀመሪያው ጠያቂም እስኪታተም ሳይጠብቅ በእጅህ መልስ ላክለት።