በዘር የሚወረሰውና በድስት የሚገባው

በደም ውስጥ ከሚዘዋወረው ኮሌስትሮል አብዛኛውን የሚሠራው ጉበት ራሱ ነው። ኮሌስትሮል እንደ ማንኛውም ቅባት በውሃ ስለማይሟሟ ብቻውን በደም ውስጥ መጓዝ አይችልም፤ ከፕሮቲን ጋር ተጠቅልሎ በአብዛኛው ኤልዲኤል በሚባል ቅንጣት ውስጥ ይዞራል። ይህ ቅንጣት ሲበዛና በደም ውስጥ ሲቆይ ወደ ደም ቅዳ ቧንቧ ግድግዳ ሰርጎ ይገባል። እዚያ ይበላሻል፤ ነጭ የደም ሕዋሳት ይውጡታል፤ ከዓመታት በኋላም ቧንቧውን የሚያጠብ ክምችት ይሆናል። ክምችቱ በተሰነጠቀ ዕለት ደም ይረጋበትና መንገዱ ይዘጋል። የተዘጋው የልብ ቧንቧ ከሆነ የልብ ድንገተኛ ሕመም፣ የአንጎል ከሆነ ስትሮክ ይከተላል።

ኤልዲኤልን ከደም የሚያነሣውም በአብዛኛው ያው ጉበት ነው። በጉበት ሕዋስ ላይ ያሉት ተቀባዮች ቅንጣቱ የሚገባባቸው በሮች ናቸው፤ በሮቹ በበዙ ቁጥር ደሙ ይጠራል። የዘርና የምግብ ነገር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። ተቀባዮቹ ስንት እንደሚሆኑና ምን ያህል እንደሚሠሩ በከፊል የሚወስነው ከእናትና ከአባት የመጣው ዘረመል ነው፤ በከፊል ደግሞ ሰው በየቀኑ የሚበላው የቅባት ዓይነት። ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በብርድ የሚረጋው ስብ የተቀባዮቹን ሥራ ያዳክማል። እንደ ኑግ ዘይት ያለው ፈሳሽ ቅባት በተቃራኒው ያበረታዋል።

የዘሩ ነገር መጀመሪያ ግልጽ የሆነው ገና በልጅነታቸው የልብ ድንገተኛ ሕመም በደረሰባቸው ሕፃናት ነበር። አሜሪካውያኑ ማይክል ብራውንና ጆሴፍ ጎልድስታይን እነዚህ ልጆች ከሁለቱም ወላጆቻቸው የተበላሸ የኤልዲኤል ተቀባይ ዘረመል እንደወረሱ አሳይተው እ.ኤ.አ. በ1985 የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከሁለት ወገን መውረስ እጅግ ብርቅ ነው። ከአንድ ወላጅ ብቻ መውረስ ግን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በዓለም ዙሪያ ከ250 እስከ 300 ከሚሆኑ ሰዎች መካከል አንዱ ላይ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ኤልዲኤሉ ከሌላው ሰው እጥፍ ገደማ ሆኖ ስለሚኖር፣ ቀጭንና ጾመኛ ቢሆን እንኳ በአርባዎቹ ዕድሜው ሊወድቅ ይችላል። በገጠር እንዲህ ያለ ሞት “ሳይታመም ሄደ” ተብሎ ይታለፋል። አባትም አጎትም በተመሳሳይ ዕድሜ ሳይታመሙ ከሄዱ ግን ነገሩ ዕጣ ብቻ ላይሆን ይችላል።

በተቃራኒው ዘር የሚሰጠው ጸጋም አለ። ፒሲኤስኬ9 የሚባለው ፕሮቲን የጉበትን ተቀባዮች ወደ ጥፋት የሚመራ ነው። ሔለን ሆብስና ጆናታን ኮኸን ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ ከጥቁር አሜሪካውያን 2.6 በመቶ ያህሉ የዚህ ፕሮቲን ዘረመል አንዱ ቅጂ የማይሠራ ሆኖ እንደሚወለዱ አሳዩ። የእነዚህ ሰዎች ኤልዲኤል በ28 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር፤ ለልብ ቧንቧ ሕመም ያላቸው ተጋላጭነት ግን የቀነሰው በ88 በመቶ ነው። የሁለቱ ቁጥሮች አለመመጣጠን ብዙ ያስተምራል። ትንሽ የሚመስል ቅናሽ ዕድሜ ልክ ሲዘልቅ፣ በእርጅና ከሚጀመር ትልቅ ቅናሽ በልጦ ይገኛል።

በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ ባለችው በየጁቤና በዙሪያዋ ባለው በባሶ ሊበን ወረዳ፣ ወደ ድስት የሚገባው ቅባት ከአራት ከአምስት ዓይነት አያልፍም፦ ኑግ፣ ተልባ፣ ጎመንዘር፣ ቅቤ፣ አሁን አሁን ደግሞ ከሱቅ የሚገዛው የሚረጋ ዘይት። የእነዚህን ጠባይ ያወቀ ሰው ስለ ቅባት ሚዛን ማወቅ የሚገባውን ግማሹን አውቋል።

ኑግ የኢትዮጵያ የራሷ ተክል ነው። ተቆልቶና ተወቅጦ ለጾም ይቀርባል፤ ሲጨመቅ ዘይቱ ለወጥ፣ ፋጉሎው ለከብት ይሆናል። በኢትዮጵያ ደጋ ከበቀለ ኑግ የሚወጣው ዘይት ከ70 በመቶ በላይ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፤ ይህም ከኦሜጋ 6 ወገን ዋነኛው ነው። በሕንድ የሚበቅለው ያው ኑግ ይህ አሲድ ያንሰዋል፤ ቅዝቃዜ የቅባት እህል ፍሬ ዘይቱን ይበልጥ ፈሳሽ አድርጎ እንዲሠራ ስለሚገፋው ነው። የደጋ ብርድ ለዘይት ጥራት የሚሰጠው ውለታ ብዙም አይነገርለትም።

የሚረጋው ዘይት በአብዛኛው ከውጭ የሚገባ የፓልም ዘይት ነው። ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ስብ ነው። ልዩነቱን ለማየት ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ በደጋ ከተማ ብርድ ሁለት ጠርሙስ ጎን ለጎን ቢያድር፣ የፓልሙ ጠዋት ነጣ ብሎ ሲገኝ የኑጉ እንደፈሰሰ ያድራል። ከዚህ ተነሥቶ ብዙ ሰው “ዘይቱ ደም ሥር ውስጥ ይረጋል” ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። የሰውነት ሙቀት 37 ዲግሪ ነው፤ ቅባቱም ተፈጭቶና ተሰባብሮ ነው ወደ ደም የሚገባው። የሚረጋው ዘይት የሚጎዳው በጉበት ተቀባዮች በኩል ነው። ድምዳሜው ግን ከተባለው ብዙ አይርቅም፦ በኑግ ዘይት ፈንታ የሚረጋ ዘይት ለዓመታት የሚበላ ቤተሰብ ኤልዲኤሉ ከፍ ይላል። ዋጋው ስለሚቀንስና በሸማቾች ማኅበራት በኩል በስፋት ስለተከፋፈለ ብዙ ቤት የገባው ይኸው ነው። በጎጃም ድስት ላይ ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከታዩ ለውጦች ለልብ ጤና ከሁሉ የሚያሳስበው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ቅቤም ከግማሽ በላይ ሳቹሬትድ ነው፤ ነገር ግን በመጠን መታየት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ሳቹሬትድ ስብ ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ይህ 22 ግራም ነው፤ በንጥር ቅቤ ሲሰላ 35 ግራም፣ ማለትም ሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ ገደማ ይሆናል። ቅቤ ለበዓልና ለእንግዳ በሚወጣበት ገበሬ ቤት ይህ ልክ የሚታለፈው ከስንት አንዴ ነው። ቅቤ በየቀኑ በሽሮም በእንቁላልም ላይ በሚፈስበት የከተማ ቤት ግን በቀላሉ ይታለፋል።

ጎመንዘር ለብቻው የሚነሣ ጉዳይ አለው። ዘይቱ ውስጥ 40 በመቶ ያህል ኤሩሲክ አሲድ ይገኛል። ይህ አሲድ በብዛት የተሰጣቸው የላቦራቶሪ እንስሳት በልብ ጡንቻቸው ላይ ስብ ስለተከማቸባቸው፣ ካናዳውያን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጎመንዘርን የቅርብ ዘመድ አዳቅለው አሲዱን አስወገዱለት። ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ መዋሉ የሚያሰጋ ነገር የለውም። የዕለት ተዕለት የወጥ ዘይት ማድረግ ግን አይመከርም።

ተልባ በዚህ ሁሉ መካከል ብርቅ ነው። ከዘይቱ ከግማሽ በላይ የሆነው አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ፣ የኦሜጋ 3 መነሻ ነው። ሰውነት ይህንንና የኑጉን ኦሜጋ 6 ወደ ረጃጅም አሲዶች የሚለውጠው በአንድ ዓይነት ኢንዛይሞች ስለሆነ ሁለቱ ይሻማሉ። “የኦሜጋ 6ና የኦሜጋ 3 ሚዛን” የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። አንዳንድ መጻሕፍት አራት ለአንድ ካልሆነ ልብ አደጋ ላይ ነው እስከ ማለት ይደርሳሉ። ነገሩ ከልክ በላይ ተጋኗል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው ምክር፣ ከዕለቱ ጉልበት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆን ኦሜጋ 6 ለልብ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም ብሏል። ስለዚህ ኑግን የሚቀንስ ሰው ሚዛን አስተካከልኩ ብሎ ጥቅሙን ያጣል፤ ብልህነቱ ኑጉን ሳይነኩ ተልባ መጨመር ነው።

የእነዚህ ኢንዛይሞች ጉልበት ራሱ በዘር ይለያያል። ፋድስ 1ና ፋድስ 2 የሚባሉት ዘረመሎች ኢንዛይሞቹን የሚያሠሩ ናቸው። የግሪንላንድ ሰዎች ከዓሣና ከባሕር አውሬ የተዘጋጀ ኦሜጋ 3 ስለሚያገኙ፣ ለዘመናት ኢንዛይሙን የሚያቀዘቅዝ የዘረመሉ ቅርጽ በመካከላቸው እንደተስፋፋ እ.ኤ.አ. በ2015 ታውቋል። በሕንድ ፑኔ ከተማ ደግሞ፣ ትውልዳቸው እህልና አትክልት በል በሆነ ሰዎች መካከል፣ ኢንዛይሙን የሚያበረታው ቅርጽ ከሁለቱም ወላጅ የመጣላቸው 68 በመቶ ሆነው ተገኝተዋል፤ ለንጽጽር በተወሰዱት አሜሪካውያን ዘንድ 18 በመቶ ብቻ ነበሩ። በአፍሪካም የበረታው ቅርጽ በእጅጉ ይበዛል። ይሁንና እንደ ፒሲኤስኬ9 ጥናት ያለ፣ በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የተገኘን ውጤት እንዳለ ወደ ጎጃም ማምጣት አይገባም። የእነርሱ ዘር በአብዛኛው ከምዕራብ አፍሪካ ነው፤ የኢትዮጵያ ደጋ ሕዝብ ግን ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ከምዕራብ እስያ ወገን የተቀላቀለ ትልቅ ድርሻ በዘረመሉ አለው።

ለጎጃም ሰው የቅባቱ ዓይነት በዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። የኦርቶዶክስ ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ 55ቱን የሁዳዴ ቀናት፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትንና ፍልሰታን ሲጾም፣ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከቅቤ፣ ከሥጋና ከወተት ይርቃል። ኤልዲኤል ለምግብ ለውጥ በሁለትና በሦስት ሳምንት ምላሽ ስለሚሰጥ፣ ሁዳዴ ለውጡ በደም ላይ እስኪታይ በቂ ነው። በግሪክ ቀርጤስ ደሴት ጿሚዎችን ከማይጾሙት ጋር ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት፣ ከጾሙ በኋላ የጿሚዎቹ ኮሌስትሮል ከ10 በመቶ በላይ ዝቅ ብሎ አግኝቶታል። ይህ ጥቅም ግን የጾሙ ወጥ በምን ዘይት እንደተሠራ ይጠይቃል። ሁዳዴን ሙሉ በሚረጋ ዘይት የተሠራ ወጥ የበላ ሰው ከቅቤ ቢርቅም ከሳቹሬትድ ስብ አልራቀም።

ዘር ሳይለወጥ ኑሮ ሲለወጥ ምን እንደሚሆን ያሳዩት ወደ እስራኤል የሄዱት ቤተ እስራኤላውያን ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በኦፕሬሽን ሙሴ፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎችን በ36 ሰዓት ባጓጓዘው ኦፕሬሽን ሰሎሞን ሲገቡ፣ በአብዛኛው ቀጫጭኖች ነበሩ፤ የስኳር ሕመምም ብርቅ ነበር። ነጭ ዱቄት፣ ስኳርና የታሸገ ምግብ በቀረበበት፣ የእግር መንገድ በቀረበት ኑሮ ጥቂት ዓመት ሲቆዩ ግን የስኳር ሕመሙ በፍጥነት በዛ። ከሌላው የአገሬው ሰው ባነሰ ክብደት ጭምር ይይዛቸዋል። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ከተሜም በዚያው መንገድ ላይ ነው።

የልብ ሕመም ሁሉ ከቅባት አይመጣም። በኢትዮጵያ ገጠር የወጣቱን ልብ በብዛት የሚጎዳው ሳይታከም ከቀረ የጉሮሮ ቁስል የሚነሣው የሩማቲክ ሕመም ነው፤ የአዋቂው ስትሮክም በአብዛኛው ከማይታወቅ የደም ግፊት ይመጣል። 

በተግባር፣ ለተልባ ዋናው ነገር መፈጨቱ ነው። ድፍን ፍሬው ሳይፈጭ ቢዋጥ እንዳለ ይወጣል። የተወቀጠው ደግሞ አየርና ብርሃን ሲያገኘው ኦሜጋ 3ቱ ይበላሻል፤ ሽታውም ይለወጣል። ስለዚህ ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ለብለብ አድርጎ ቆልቶ መውቀጥ፣ በተከደነ ዕቃ በጥላ ማስቀመጥ ይገባል። በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ለአዋቂ ሰው በቂ አልፋ ሊኖሌኒክ ይሰጣል።

የቤተሰብ ታሪክ ላለው ሰው ግን ተልባም ጾምም ብቻውን አይበቃም። ወንድ ከ55፣ ሴት ከ65 ዓመት በፊት በልብ ድንገተኛ ሕመም የተያዘበት ቤት፣ እንዲሁም ከተረከዝ በላይ ባለው ጅማት ወይም በጣት መገጣጠሚያ ላይ ጠጣር እብጠት ያለበት ሰው የደም ቅባት ምርመራ ያስፈልገዋል። ኤልዲኤሉ ከ190 ሚሊግራም በዴሲሊትር ካለፈ የተወረሰው ሕመም ይጠረጠራል፤ በዚያ ጊዜ ወንድም፣ እኅትና ልጆችም ይመረመራሉ፤ እያንዳንዳቸው ግማሽ በግማሽ ዕድል አላቸውና። ሊፖፕሮቲን ኤ የሚባለው ሌላው ቅንጣት በምግብ ስለማይለወጥ በዕድሜ አንድ ጊዜ ቢለካ ይበቃል። ለተወረሰው ከፍተኛ ኮሌስትሮል ሐኪም የሚያዝዘው በአብዛኛው ስታቲን የሚባለውን መድኃኒት ነው፤ በየቀኑ ይዋጣል፤ ውጤቱ ስላማረ አይቋረጥም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ ሴት በአብዛኛው እንድታቋርጠው ስለሚደረግ፣ ለማርገዝ ያሰበች ቀደም ብላ ለሐኪሟ መንገር አለባት።